በበሽተኛው ራስጌ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ሰመመን ሰጪ ነርስ ሥራ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ሙያዬ እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ እጅግ ደስ ብሎኛል። ከእናንተ መካከል «ሳድግ ሐኪም እሆናለሁ» የሚለው ብዙ ነው። «ሰመመን ሰጪ እሆናለሁ» ያለኝ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አልፈርድም፤ በሽተኛው እኛን የሚያየን ከመተኛቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲነቃም «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቀዶ ያዳነውን ሐኪም ነው።

ብዙ ሰው ሥራችን ማስተኛት ብቻ ይመስለዋል። ማስተኛቱስ ቀላሉ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የትንፋሽ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል፤ የደሙ ግፊት በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ በሆዱ ያለ ምግብም ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ዓይኑን ከቍስሉ ሳያነሣ፣ ሰመመን ሰጪው በራስጌ ቆሞ ትንፋሹንና የልቡን ምት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም በደኅና ይቀሰቅሰዋል። ወላጆችንም በዚሁ አጋጣሚ አደራ እላለሁ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ምግብ የከለከልነውን ልጅ «አንጀቴን በላኝ» ብላችሁ በነጠላ ሥር እንጀራ አታጉርሱት።

ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ የኤተርን ኀይል በሕዝብ ፊት ከማሳየቱ በፊት፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው በሽተኛውን ጨብጦ ነበር። የነርሶችም ድርሻ የቈየ ነው፤ አሊስ ማጎ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1906 ከ14,000 በላይ ሰመመን ተሰጥቶ በዚያ ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተ ጽፋ አሳትማለች። በአገራችን በሰመመን የሠለጠኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ጥቂቶች ስለ ሆኑና አብዛኞቹም በትልልቅ ከተሞች ስለሚገኙ፣ ሸክሙን የተሸከሙት ይህንኑ ሙያ የተማሩ ነርሶችና በሙያው በዲግሪ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው።

እኔ የምሠራው ከመቐለ ርቆ በሚገኝ አንድ ሐኪም ቤት ነው። በሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧታል። ደም ያልፈሰሳት እንደ ሆነ በጀርባዋ በቀጭን መርፌ መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ከወገቧ በታች ይደነዝዛል፤ እርሷ ግን ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ልቅሶ ትሰማለች። ብዙ ደም ከፈሰሳት ግን ይህ መንገድ የደም ግፊቷን ጥሎ ሊገድላት ስለሚችል ኬታሚንን እንመርጣለን። በ1962 በአሜሪካ የተገኘው ይህ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ትንፋሽን አያቋርጥም፤ የደም ግፊትንም ይደግፋል፤ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። ለገጠር ሐኪም ቤት ታስቦ የተሠራ ይመስላል! አንዳንዶች ሲነቁ ያዩትን እንግዳ ሕልም ይነግሩናል፤ እኛም እየሳቅን እንሰማለን። ከሁለቱ የትኛው ይሁን የሚለውን ግን የማማክረው ሌላ ባልደረባ ሳይኖር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መወሰን አለብኝ።

ከዐቅማችን በላይ የሆነውን ወደ መቐለ እንልካለን። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓይደር ሐኪም ቤት ከትግራይ ሌላ ከአፋርና ከአጎራባች የአማራ ወረዳዎች የሚመጡ በሽተኞችን ሲቀበል ኖሯል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቈየው ጦርነት ግን ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ከተመለከታቸው 106 የጤና ተቋሞች መካከል በደንብ ይሠሩ የነበሩት 13 ከመቶ ብቻ ነበሩ። መንገድና ባንክ በተዘጋበት ጊዜ በዓይደርም መድኃኒትና ኦክሲጅን አጠረ፤ የእጅ ጓንት ታጥቦ ዳግመኛ ተሠራበት፤ ሠራተኞቹም ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ አገለገሉ። ሐኪሙ ቢኖር፣ ቢላዋውም ቢሳል፣ ሰመመን ከሌለ ቀዶ ሕክምና የለም። የቀረችውን አንዲት ብልቃጥ ይዞ «ይህ ይቅደም፤ ያኛው ይቈይ» ማለት በማንኛውም መጽሐፍ ያልተማርነው ትምህርት ነበር።

ለሙያው ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ያስፈልጋሉ። መድኃኒቱ የሚለካው በበሽተኛው ክብደት ስለ ሆነ፣ 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ላይ የአንዲት ነጥብ ስሕተት ዐሥር እጥፍ ይሆናል። የሒሳብ መምህራችሁ ስለ ነጥብ ሲቈጣችሁ ይህን አስቡ።

አሁን ጥያቄ ያለው ተማሪ እጁን ያውጣ።