ክብደት ለመቀነስ የጀመረ ሰው እንዴት ይጸናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው ጉዳይ በቆቦ ሜዳ ላይ ሲነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ከጀመረ በኋላ ሳይታክት እንዴት እንደሚጸና ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኀብን ያየ አገር መክሳትን እንጂ መወፈርን አይፈራም። አያቶቻችን ዛሬም «ወፈርሽ» ሲሉ ደስታቸው ነው፤ «ከሳሽ» ሲሉ ግን ሐዘናቸው ነው። ይህ ስሜት ከመከራ የተገኘ ስለ ሆነ አንነቅፈውም።

ነገር ግን ዘመኑ ሁለት ፊት ይዞ መጥቷል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከሚገባው በላይ የከሱ፥ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ምግብ ሲያጥረው፥ ሌላው ከውፍረት በሚመጣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሊያዝ ይችላል።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረጉን ከእኛ መካከል የአንዲቱ እናት ናቸው። ሐኪም በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር መብዛቱን ነግሮ ክብደት እንዲቀንሱ መከራቸው። እርሳቸውም ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ ተዉት። በመጀመሪያው ጊዜ እግራቸውን አመማቸው፤ በሁለተኛው የዘመድ ሠርግ መጣ፤ በሦስተኛው ግን ጥቂት ቀነስ ባሉ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ነካሽ?» እያለ አስደነገጣቸው። እኛም በክበባችን ተሰብስበን «ችግሩ የፈቃድ ማነስ ይሆን?» ብለን ተከራከርን።

መልሱን ያገኘነው ከሩቅ አይደለም። እኚሁ እናት በየዓመቱ የዐቢይን ጾም 55 ቀን ያለ ማጉረምረም ይጾማሉ። ሙስሊም ጎረቤታቸውም በረመዳን በዚህ ሁሉ ሐሩር ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ። እንግዲህ ፈቃዳቸው ደካማ አይደለም። ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ክብደት ለመቀነስ አይደለም፤ እኛ የተማርነው ከሥርዐቱ ነው። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱ በልብ ያደረ ነው፤ ይልቁንም ጎረቤት አብሮ ይጾማል። ማንም በየጠዋቱ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?» ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ክብደት መቀነስን ግን ሰው ያለ ሰዓትና ያለ ጓደኛ ብቻውን ስለሚጀምረው ፈጥኖ ይፈርስበታል።

ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፀሐይ ከዞብል ተራራ በላይ ሳትወጣ፥ ከልጃቸውና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው እንዲራመዱ ተስማሙ። ይህም በሳምንት 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ዝቅተኛው ልክ ነው። የሻያቸውን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ አወረዱ። ለጎረቤትም የሐኪሙን ቃል ራሳቸው ስለ ነገሩ፥ «ምን ነካሽ?» ይል የነበረው አፍ «በርቺ» ማለት ጀመረ።

ደግሞም ልክን ማወቅ ይገባል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኀይል ያከማቻል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በየቀኑ 550 ያህል ማጉደል ያስፈልጋል። በአንድ ሳምንት አምስት ኪሎ የሚሻ ሰው ግን ተስፋ ለመቍረጥ ይዘጋጅ። ሰውነት ሲቀንስ ወጪውን ይቆጥባል፤ ረኀብንም ያበረታል። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ቢቆም የተፈጥሮ ሥራ ነው እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ከ13 ኪሎ በላይ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የጸኑ ሰዎች እየተመዘገቡ ተጠንተዋል። አብዛኞቹ ዘወትር ይንቀሳቀሳሉ፤ ክብደታቸውን አዘውትረው ይመዝናሉ፤ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም አመጋገባቸውን አይለዋውጡም።

እኅቶቻችን ሆይ! ይህን ሰምታችሁ ቁርስ እንዳትተዉ እንለምናችኋለን። እኛ ገና በማደግ ላይ ነን፤ መጫወትና መሮጥ እንጂ ራስን ማስራብ አይገባንም። ወፍራሙንም ሆነ ቀጭኑን በስም መጥራትና መሳቅ ከትምህርት ቤታችን ይጥፋ፤ ፌዝ ማንንም አላጸናምና።

እኚያ እናት እስከዚህ በዓል ድረስ አራት ኪሎ ቀንሰዋል። በመካከሉ አንድ ሙሉ ሳምንት ሳይራመዱ ቀርተው ነበር። በተከታዩ ሰኞ ግን ልጃቸው ነጠላቸውን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ እርሳቸውም ወጡ። ጽናት ማለት ከቶ አለመውደቅ ሳይሆን ሰኞ ተመልሶ መውጣት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ወላጆቻችን ሆይ! የጀመረ ጎረቤት ያላችሁ እንደ ሆነ ነገ ጠዋት ከእርሱ ጋር ተራመዱ።