ጉርሻ የሚተናነቀው ደዌ
ቀዳማዊ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ጎልቶ የሚታየው የጉሮሮ ቧንቧ ነቀርሳ፣ እንጀራው በውኃ ካልተወራረደ አልወርድ ሲል ቸል እየተባለ፣ ሕመምተኛው አጥሚት ብቻ ሲቀረው ወደ ሐኪም የሚያደርስ እኩይ ደዌ ነውና፣ ተመራማሪዎቹ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ጥበብ ምን ይፈይድለታል?

ካልዕ አቅራቢ፦ ነቀርሳው ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደ አገው ፈረስ በልጓም ስለሚገታቸው፣ በዚህ ጥበብ የተሠሩት እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ነቀርሳውን ራሳቸው ሳይመቱ ልጓሙን ይፈታሉ፤ የተፈታው ፈረስ ግን አልፎ አልፎ የገዛ አንጀትንና ሳንባን ይረግጣል፤ ሕክምናውም ለሁሉም ሕመምተኛ አይሠራም።

ቀዳማዊ አቅራቢ፦ ዋጋውስ?

ካልዕ አቅራቢ፦ ለጫግኒ ገበሬ የማይቀመስ ነው፤ የጨረር ሕክምና እንኳ ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ስለዚህ የጫግኒ አድማጮቻችን ሆይ፣ ጉርሻ ደጋግሞ ከተናነቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር አስጽፉ።