ልጄ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ትማራለች?

ልጄ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች። እኔ ግን «ኪኒን ቆጥሮ ለመሸጥ አምስት ዓመት ምን ያደርጋል?» እያልኩ፣ ብሩን የምልከው እያጉረመረምኩ ነበር።

ባለፈው እዚህ ሱለይማኒያ ጉንፋን ያዘኝ። በሰው ቤት ተኝቶ መዋል የለም። ቶሎ እንዲሻለኝ ብዬ ፓናዶል ሁለት፣ ፌቫዶል ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ አብሬ ዋጥኩ። ማታ ስደውልላት ነገርኳት፤ ደነገጠች። «እማዬ፣ ስማቸው ነው እንጂ የተለያየው ሁለቱም ፓራሲታሞል ናቸው! ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ በቀን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል» አለችኝ። እኔ 12 ውጫለሁ።

የምትማረው ያን ጊዜ ገባኝ። መጀመሪያ ኬሚስትሪና የሰውነት አሠራር፤ ቀጥሎ መድኃኒት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ መጠኑ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ፤ በመጨረሻ ሆስፒታል ገብተው ከበሽተኛ ጋር ይለማመዳሉ።

እህቶቼ፣ ካርቶኑ ላይ ከትልቁ ስም ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ እዩ። ካልገባችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ፋርማሲ ሂዱ፤ የምትወስዱትን ሁሉ አሳዩና ጠይቁ። መጠየቅ አያስከፍልም።

እኔም አሁን ብሩን ሳላጉረመርም እልካለሁ።