ለእርዳታ ስንወጣ ምን እንሰንቅ?



ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ የየመን ሰዎች በአላህ ተመክተናል እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይወጡ ነበር፤ መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። ስንቅ እንድንይዝ የሚያዘው፣ ከስንቅ ሁሉ በላጩም ተቅዋ መሆኑን የሚያስተምረው የሱረቱል በቀራ 197ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎርፍ ወይም ናዳ ወደደረሰበት ስፍራ ለእርዳታ ስንወጣም እንዲሁ ነው። ስንቅ ያልያዘ በጎ ፈቃደኛ የሚበላው ከተጎጂው ድርሻ ነው፤ የሚጠጣውም ከሕፃናቱ ውኃ። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ለራሳችን የሚበቃ ውኃ፣ ብርድ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የምንወስደው መድኃኒት ካለም እርሱን እንያዝ። ለተጎጂው የምንሰጠው ልብስ የታጠበና እኛም ብንሆን የምንለብሰው ይሁን።

ጥንቃቄም ስንቅ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ጌዜ ጎፋ ወረዳ መሬት በተንሸራተተ ጊዜ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ወገኖች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ለጎረቤታቸው መድረሳቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ከሩቅ የምንሄደው እኛ ግን ስፍራውን የሚያውቁ ሰዎች ሳይፈቅዱልን አንግባ።

ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ ለተቸገረው ሁሉ እንድረስ፤ ኒያችንንም ለአላህ እናጥራ። አላህ (ሱ.ወ) ይቀበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።