የፊዚክስ ተመራቂና የውጭው ዓለም የሥራ ዕድል
(በደብረ ማርቆስ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ በፊዚክስ የሚመረቁ ወጣቶቻችን ከአገር ውጭ ሊያገኙት ስለሚችሉት የትምህርትና የሥራ ዕድል ነው። በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ስሆን ስለ ፊዚክስ ተመራቂዎች እንድናገር መጋበዜ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከፊዚክስ ማሕፀን የወጣ ሙያ ነውና የእናቲቱ ቤት ሲጎድል ልጅ ዝም ብሎ ሊመለከት አይገባውም።

ችግሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። የሲቪል መሐንዲስ ሲመረቅ የዲግሪው ስም ራሱ ሥራውን ይናገርለታል። የሐኪሙም የሒሳብ ሠራተኛውም እንደዚሁ ነው። የፊዚክስ ተመራቂ ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቢቆም «ፊዚክስ» የሚለውን ቃል የሚያገኘው ለመምህርነት በወጣው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። መምህርነት የተከበረ ሙያ ነው፤ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁሉ የመምህራን ሥራ ነን። ዳሩ ግን አንድ ትምህርት አንድ በር ብቻ ያለው መስሎ ሲታይ ጎበዝ ተማሪ ይሸሸዋል፤ ጎበዝ ተማሪ ሲሸሸውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለ11ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ይጠፋል። ስለዚህ የውጭው ዕድል ጉዳይ የጥቂት ተጓዦች ብቻ አይደለም፤ እዚሁ የሚቀረው የትምህርት ቤታችንም ጉዳይ ነው።

ዕውቀት ፍለጋ ከአገር መውጣት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከሸዋ፣ ከወሎና ከትግራይ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅና ወደ ዲማ ይመጣ ነበር። የጎጃሙም ተማሪ በተራው ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ ይሻገር ነበር። ትምህርት ሁሉ በአንድ ደብር እንደማይገኝ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ፊዚክስም በዚህ ረገድ የተለየ አይደለም። እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፤ የሕግ ባለሙያ ድንበር ሲሻገር ሕጉ ይለወጥበታል፣ የኦም ሕግ ግን በደብረ ማርቆስም በበርሊንም ያው ነው።

የውጭው በር እንዴት እንደተከፈተ ለመረዳት የፓኪስታኑን ፊዚሲስት የአብዱስ ሰላምን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። እኚህ ሰው በካምብሪጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ላሆር ተመልሰው አስተማሩ። ነገር ግን ስለ ምርምራቸው የሚነጋገሩት የሙያ ጓደኛ አጥተው በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። ከአገራቸውና ከሙያቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው ማለት ነው። ሌላው እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳይገጥመው በማሰብ በ1964 በኢጣልያ፣ በትሪየስቴ ከተማ የዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ1979ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ይህ ማዕከል ዛሬም ለእኛ ተመራቂዎች ዋነኛ በር ነው። ከ1991 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ሲሰጥ የጉዞና የኑሮ ወጪያቸውን ይሸፍናል። ይህንንም ያጠናቀቁ ብዙዎች ወደ ዶክትሬት ትምህርት ይሸጋገራሉ። ከዚህ በላይ ሊደነቅ የሚገባው ግን የተባባሪነት ፕሮግራሙ ነው፤ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ምሁር ሥራውን ሳይለቅ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ማዕከሉ እየተመላለሰ ምርምሩን ያካሂዳል።

ሁለተኛው በር የሕክምና ፊዚክስ ነው። በካንሰር ሕክምና ጨረሩን የሚያዘው ሐኪሙ ሲሆን፣ መሣሪያው የታዘዘውን መጠን በትክክል መስጠቱን ለክቶ የሚያረጋግጠው ፊዚሲስቱ ነው። መጠኑ ከመቶ አምስት ያህል እንኳ ቢዛነፍ ወይ ዕጢው ይተርፋል፣ ወይ ጤነኛው አካል ይጎዳል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ወዳሉ ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል። መሣሪያ ይገዛል፤ ፊዚሲስት ግን ከገበያ አይገዛም። የትሪየስቴው ማዕከል ከከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2014 ጀምሮ በዚህ ሙያ የማስተርስ ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዱ ዓመት በክፍል፣ ሁለተኛው በሆስፒታል ልምምድ ይፈጸማል። ይህን የተማረ ሰው በየትኛውም አገር ተፈላጊ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በአገሩ።

ሦስተኛው በር ሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ የሚገኙ ብዙ የፊዚክስ ክፍሎች በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀውን ተማሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበሉና፣ ረዳት መምህር አድርገው የትምህርቱን ክፍያ ከመሸፈናቸውም በላይ የወር ደመወዝ ይሰጡታል። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ነጻ የትምህርት ዕድል ያላገኘ ሰው ለቪዛ ሲል ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃ ከ11 ሺሕ ዩሮ በላይ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ይህን ሳያውቁ «ትምህርቱ በነጻ ነው» የሚለውን ብቻ ሰምተው የሚነሡ ወጣቶች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ከኛ ወገን በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ዶክተር ቅጣው እጅጉ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተነሥተው፣ በጃፓንና በአሜሪካ ሠርተው፣ በጠፈር ምሕንድስና ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። ዶክተር ባይሌ ዳምጤ በፊንላንድ የላይኛውን ከባቢ አየር በራዳር ማጥናትን ተምረው ተመልሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ በሕንድ ባንጋሎር ዶክትሬታቸውን ሠርተው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ተመለሱ፤ በ2012ም የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳኻሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። አንዱ በውጭ ቀሩ፣ ሁለቱ ተመለሱ። ሦስቱንም እንጠቀምባቸዋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የውጭው ዓለም ከኛ የሚፈልገው ጉልበትና ጭንቅላት ብቻ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ሰማይ ላይ ያልፋል። ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በዚህ መስመር ላይ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ከሳተላይት የሚመጣ ምልክትም በወገቡ አካባቢ ባለው የላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይታወካል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መስክ የሚመራመረው ላቦራቶሪ ዋሸራ ተብሎ መጠራቱ ስሙ እንደገባው ያሳያል። መሣሪያውንና ባለሙያውን ካላገናኘን ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንብናል። በውጭ ዩኒቨርሲቲ ደጅ የሚጠና ተማሪ ስለዚህ ሰማይ አንድ ዓመት ያጠናውን ይዞ ቢቀርብ ለጋሽ ሆኖ እንጂ ለማኝ ሆኖ አይቆምም።

ዕንቅፋቶቹን አንሰውራቸው። ጥሩ ነጥብ ያለው ተመራቂ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ባለመቻሉ ይወድቃል። የድጋፍ ደብዳቤው «ጠባዩ መልካም ነው» ከማለት አልፎ ምን እንደሠራ ስለማይናገር ይጣላል። የወጪ መጋራት ግዴታውንና የሰነድ ማረጋገጫውን በመጨረሻው ሳምንት ስለሚጀምር ቀኑ ያልፍበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የማመልከቻ ቀን ለማንም አልጠበቀም። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ተስፋ የቆረጠው ወጣት ደላላ እጅ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ «ሁሉም ከሄደ ማን ያስተምራል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ወጣቱን በመከልከል የተያዘ አገር ግን የለም። ክልከላ ጎበዙን አያስቀረውም፤ ሲሄድ ወደ ኋላ እንዳያይ ያደርገዋል እንጂ። የሄደው እንዲመለስ ከተፈለገ የሚመለስበት ቤተ ሙከራ፣ ካልተመለሰም የሚደርሰው ደብዳቤ ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የትምህርት ዕድሎችን ስምና የማመልከቻ ጊዜ የያዘ መዝገብ በጽሕፈት ቤታችን በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ወረቀት አይጠፋም። ሁለተኛ፣ በውጭ የተማርን አባላት የተመራቂዎችን ማመልከቻ እያነበብን እንድናርም ተራ ይውጣልን። ሦስተኛ፣ በማኅበራችን ድጋፍ የሚሄድ ሁሉ ባለበት ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ለሌሎቹ የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሥራው እንዲያስረዳ ቃል ይግባ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ምን ያህል በር እንዳለው የሚያምነው ከኛ ስብከት ይልቅ በአንዱ በር ያለፈውን የሰፈሩን ልጅ ሲሰማ ነው።

ሐሳቦቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃሉ። ዛሬ ከመለያየታችን በፊት መዝገቡን የሚይዝ አንድ አባል እንድንመርጥ ሊቀ መንበሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።