ጠመንጃው ሲመዘገብ የቤቱ እመቤትም ትጠየቅ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን ርዕስ ስንመርጥ «ጠመንጃንና የሴቶች ማህበርን ምን አገናኛቸው?» ያሉን አልጠፉም። እውነት ነው፤ እኛ የተሰባሰብነው ለዕቁቡና ለቁጠባው፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ ያዘነ ለማስተዛዘን ነው። ነገር ግን ለማስተዛዘን ከሄድንባቸው ቤቶች በአንዳንዶቹ የሞቱ ምክንያት ጥይት ነበር። በሌሎቹ ደግሞ አባወራው በሕመም አርፎ ጠመንጃው አልጋ ሥር ቀርቷል፤ ሚስቲቱም «ይህን ምን ላድርገው?» ብላ በጆሯችን ሹክ ብላናለች። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ ደጃፍ የራቀ አይደለም።

እንደምታውቁት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ይኑረው፣ መሣሪያውም ይመዝገብ የሚል ነው። የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። መሣሪያ መያዝ ነባር ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሰዉ ቀድሞ የያዘውን አስመዝግቦ ሕጋዊ የሚሆንበትን በር ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ በየቡና ቤቱና በየሽምግልናው ክርክሩ አልቆመም። ክርክሩን ግን በአብዛኛው የሚያካሂዱት ወንዶች ናቸው። እኛ ዛሬ ሁለቱንም ወገን ሰምተን፣ የራሳችንን ቃል እንጨምር ብለን ነው የተነሣነው።

በመጀመሪያ «አናስመዘግብም» የሚሉትን ያለ ንቀት እንስማቸው። አብዛኞቻችን ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ወይም ከሸዋ የመጣን ነን። ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ፣ ዲሞትፈሩ በአያቶቻችን ቤት ምን ያህል ክብር እንደነበረው እናውቃለን። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተዋጋው ሕዝብ፣ በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዱር ቤቴ ያለው አርበኛ ጠመንጃ ይዞ ነው አገር ያቆየው። ከሴቶቹም እነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና ስንቅ ሲያቀብሉ ኖረው፣ ተይዘው እስከ ኢጣሊያ እስር ቤት ተግዘዋል። ዛሬም ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ ከብቱን ከሌባ፣ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ገበሬ በሬ ሽጦ የገዛውን ክላሽ ቁጥሩን ጻፉልኝ ብሎ ለመሄድ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ፍርሃቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከግብሩ ቀድመው ከተጠራቀሙት ቅሬታዎች አንዱ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ጊዜ የመጣው የጠመንጃ ምዝገባ ነበር። ገበሬው ምዝገባውን ያየው ትጥቅ ለማስፈታት እንደተዘረጋ ወጥመድ ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን እስከ ማዝመት ደርሶ፣ በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ የግብሩም ውዝፍ ተማረ። መዝገብ ያለ እምነት ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

አሁን ደግሞ «ይመዝገብ» የሚሉትን እንስማ። በየጊዜው በጭነት መኪና ተደብቆ የተያዘ የቱርክ ሽጉጥ በዜና እናያለን። ያ ሽጉጥ ለከብት ጥበቃ አልመጣም። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በመስኖ ውኃ ሲጋጭ፣ ዱላ ቢሆን ኖሮ በእርቅ የሚያልቀው በጥይት ደም ይሆናል። ደም ደግሞ ደም ይጠራል፤ ልጅ ለአባቱ፣ የአጎት ልጅ ለአጎቱ እያለ ይቀጥላል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል። የትኛው መሣሪያ የማን እንደሆነ ቢታወቅ የገደለ ይያዛል፣ የሸጠ ይጠየቃል፣ የተሰረቀበትም ንብረቴ ብሎ የሚያመለክትበት ማስረጃ ያገኛል። ይህን ማንም ቅን ሰው አይክደውም።

ክርክሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የሴቶች ድምፅ የተሰማበትን አንድ አገር፣ ካናዳን፣ እንመልከት። ዲሴምበር 6 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ አንድ ሰው ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ገብቶ ሴቶችን እየለየ ተኮሰ፤ 14 ሴቶች ሞቱ። ከሞት የተረፉት ተማሪዎችና የሟቾች ቤተሰቦች ለዓመታት ሳይታክቱ ወተወቱ። በ1995 ረጅም ጠመንጃም ሁሉ እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ሽጉጥ ግን ከ1934 ጀምሮ ይመዘገብ ነበር። የዚያ አገር ገበሬና አዳኝ ተቃወመ። ቃሉ ከእኛው ገበሬ ቃል ብዙ አይለይም፤ «ወንጀለኛ አይመዘገብም፣ የምንቆጠረው ሰላማዊዎቹ ነን» አለ። ወጪውም ከተገመተው በላይ አበጠ። ሲጀመር የተጣራ ወጪው 2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በ2002 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር የጠቅላላ ፕሮግራሙ ወጪ ከ1 ቢሊዮን እንደሚያልፍ አስታወቁ። በ2012 የረጅም ጠመንጃ ምዝገባው ተሻረ፣ መዝገቡም እንዲጠፋ ታዘዘ። የኩቤክ ክፍለ ሀገር መዝገቡ ይሰጠኝ ብላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክራ በ2015 ተረታች፤ ከዚያ የራሷን መዝገብ እንደ አዲስ ጀመረች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰዉ ያላመነበትና ወጪው ያልታሰበበት መዝገብ አይጸናም። ሁለተኛውን ግን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ምዝገባው ሲሻር ያልተሻረ ነገር አለ፤ እሱም የፈቃዱ አሰጣጥ ነው። እዚያ አገር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሚስቱን፣ በቅርቡ ከተለያዩም የቀድሞዋን ስም በማመልከቻው ላይ ይሞላል፤ እሷም እንድትፈርም ይጠየቃል። ባትፈርም ማመልከቻው በዚያ ብቻ አይወድቅም፤ ነገር ግን ባለሥልጣኑ ራሱ እንድታውቅ ያደርጋል። ስጋት ካላትም የምትናገርበት ስልክ አለ። ማለትም ጠመንጃው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ውስጥ የምትኖረው ሴት ትጠየቃለች።

እናቶችና እህቶች፣ የእኛም ቃል ይኸው ነው። በባህላችን ጠመንጃ የሚገዛው ለርስትና ለሚስት ክብር ነው ይባላል። ታዲያ ለእሷ ክብር ሲባል የሚገዛ ከሆነ ስለ ምን እሷ አትጠየቅም? አባወራው ሲሰክር የት እንደሚያስቀምጠው፣ ሲቆጣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ልጁ ጥይቱን ከየት አውጥቶ እንደሚጫወትበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀበሌው ስለ ሰውዬው ጠባይ ጎረቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከጎረቤት ግን ሚስት ትቀርባለች። አጠያየቁም ጥንቃቄ ይሻል። ባሏ አጠገቧ ቆሞ «ትስማሚያለሽ?» መባል መጠየቅ አይደለም። ለብቻዋ፣ ቢቻል በሴት ሠራተኛ፣ የተናገረችው ተመልሶ እሱ ጆሮ በማይገባበት መንገድ ትጠየቅ።

ሁለተኛው ጉዳያችን የባል መሞት ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሟች ነው። ጠመንጃው ግን አልሞተም፤ ቤት ውስጥ አለ። ገና አርባው ሳይወጣ የባል ወንድም መጥቶ «የወንድሜ መሣሪያ ነው፣ ለወንድ ነው የሚገባው» ይላል። ጎረምሳው ልጅ በአባቴ ቦታ እኔ ነኝ ብሎ ይታጠቀዋል። ሌባውም ቤቱ ወንድ እንደሌለበትና መሣሪያ እንዳለበት ያውቃል። ሴትዮዋ ስትጨነቅ ጎተራ ውስጥ በእህል ትቀብረዋለች። ያን ጊዜ ደንግጣ የደበቀች መበለት፣ ሆን ብሎ ከደበቀ ነጋዴ እኩል ልትታይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ንብረት መሆኑም አይረሳ። የአንድ ክላሽ ዋጋ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ነው ይላል። በሬው የጋራ ከሆነ፣ በሬው ተሽጦ የተገዛውም የጋራ ነው።

መዝገብ ሴትን ሊጠቅም እንደሚችል አይተናል። በአማራ ክልል የእርሻ መሬት ሲመዘገብ በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲገባ ተደረገ። ያን ጊዜም የተጠራጠረ አልጠፋም። ዛሬ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ያንን ደብተር ይዛ ፍርድ ቤት ስትቆም «አንቺ ማነሽ?» የሚላት የለም። የጠመንጃው መዝገብም እንዲህ የቤቱን ሰው የሚያውቅ ቢሆን ከሚፈራ ይልቅ የሚፈለግ ይሆናል።

ስለዚህ ማህበራችን ምዝገባውን ይደግፋል፤ የሚደግፈው ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ነው። ጉባኤው ከተስማማበት ለወረዳችን በጽሑፍ እናቀርበዋለን።

አንደኛ፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሚስት ለብቻዋ ትጠየቅ፣ የምትለውም በምስጢር ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ባለፈቃዱ ሲሞት መሣሪያው በማን እጅ እንደሚቆይ፣ በስንት ቀን ውስጥ ወዴት እንደሚቀርብ፣ ለሕጋዊ ሰው እንዴት እንደሚሸጥ ወይም እንደሚተላለፍ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሷ መጥታ ያሳወቀች መበለት እንደ ወንጀለኛ አትታይ።

ሦስተኛ፣ የመዘገበ ሁሉ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ ይስጥ። ለመመዝገብ የመጣን ሰው መሣሪያ በዚያው ማስቀረት የጎጃሙን ታሪክ መድገም ነው።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ይህ ነው። ከእኛ ደግሞ ማንም ሳይፈቅድልን የምንጀምረው አለ። መሣሪያ ያለበት ቤት ያለን ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እናረጋግጥ፦ ጎርሶ እንዳይቀመጥ፣ ጥይቱ ለብቻው እንዲቆለፍ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ እንዲሆን። በምንድርበት ሠርግና በምንቆምበት ለቅሶ ተኩስ እንዳይኖር ድግሱ ሳይጀመር ለሽማግሌ እንንገር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ፣ እርቁ እስኪያልቅ መሣሪያው በሽማግሌ እጅ ይቆይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን የጠየቀች እህት ብቻዋን እንዳትቆም ኮሚቴው አብሯት ይሄዳል።

ምዝገባ ሁሉን ይፈታል አንልም። በኮንትሮባንድ የገባ ሽጉጥ ተሰልፎ አይመዘገብም፤ ወረቀት የተናደደ ሰው እጅ አይዝም። ነገር ግን የታወቀ መሣሪያ ካልታወቀ ይሻላል፤ የተጠየቀች ሴትም ካልተጠየቀች ትሻላለች። ጥይት ከወጣ በኋላ ለእኛ የሚቀረን ሥራ ድንኳን መትከልና ንፍሮ መቀቀል ብቻ ነው። ቃላችን የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ሲሰማ ነው።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን። የምትስማሙም የማትስማሙም እኩል ተናገሩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዧ ሁሉንም ትጽፋለች።