በቤት ውስጥ ስለሚከማች ዕቃ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር ከታላላቅ የመንግሥት ጉዳዮች ወገን አይደለም። ስለ ቤታችን ነው፤ ይልቁንም ሳናስበው በቤታችን ውስጥ እየተከማቸ የምንቀመጥበትን ስፍራና የምናርፍበትን ጊዜ ስለሚወስድብን ዕቃ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከሥራ ደክሞት የሚገባ ሰው በገዛ ቤቱ ዕረፍት ማግኘቱና ማጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስቲ እያንዳንዳችን ዐይናችንን ወደ ቤታችን እንመልስ። ከቁም ሣጥኑ በላይ ባዶ የቴሌቪዥን ካርቶን ተቀምጧል። ከአልጋው ሥር መዝጊያው የተሰበረ ሻንጣ አለ። በመሳቢያው ውስጥ መሥራት ያቆሙ የእጅ ስልኮችና የየትኛው ስልክ እንደ ሆኑ የማይታወቁ የቻርጀር ገመዶች ተጠላልፈው ይገኛሉ። በኩሽናው ክዳናቸው የጠፋ የፕላስቲክ ዕቃዎችና በፌስታል ውስጥ የታጨቁ ፌስታሎች አሉ። በሳሎኑ ቡፌ ደግሞ ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡ፣ እንግዳ ሲመጣም የማይወጡ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ለእንቁጣጣሽ ወለሉን አጥበን ቄጤማ እንጐዘጕዛለን፤ ከአልጋው ሥር ያለውን ግን ከዓመት ወደ ዓመት እናሻግረዋለን።

ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ዕቃ አለመጣልን የተማርነው ከስስት ሳይሆን ከችግር ነው። ወላጆቻችን አንዲት ጠርሙስ፣ አንዲት ቆርቆሮ ሳይጥሉ ያሳደጉን፣ ዛሬ የተጣለው ነገ እንደማይገኝ ስለሚያውቁ ነበር። ዛሬም ቢሆን ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖረውን ሰው ጀሪካኖችህን አውጣ ብንለው ምክራችን የሞኝ ምክር ይሆናል። ነገር ግን ጓዳና ግቢ የነበረው የቀድሞ ቤት ይችለው የነበረውን ዕቃ፣ ከ20 ዓመት ወዲህ በአዲስ አበባ በብዛት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሊችሉት አይችሉም። ከዚህም የተነሣ ዕቃው በረንዳውን ሞልቶ ወደ መወጣጫው ደረጃ ይሻገራል፤ ልጆችም ደብተራቸውን ዘርግተው የሚያጠኑበት ስፍራ ያጣሉ።

ይህ ጉዳይ በሌላም አገር ተመርምሯል። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሁለቱም ሥራ ያላቸውን 30 ባልና ሚስት ያጠኑ ሊቃውንት ውጤታቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. አሳትመዋል። ባለትዳሮቹ ቤታቸውን እየዞሩ በቃላቸው እንዲያስጐበኙ ተደረገ፤ በጭንቀት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገርም ከምራቃቸው ተለካ። ስለ ቤታቸው ሲናገሩ መዝረክረኩንና ያላለቀውን ሥራ ደጋግመው ባነሡት ሴቶች ላይ፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ መቀነስ የሚገባው ይህ ንጥረ ነገር እንደሚገባው ሳይቀንስ ተገኘ። በባሎቻቸው ላይ ግን ይህ ያን ያህል አልታየም። ምክንያቱ ዕቃው ብቻ ነው ለማለት ባይቻልም፣ የቤቱ ሸክም ይበልጡን በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ያመለክተናል።

አሁን ደግሞ በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ፣ አንዲት ወረቀት እንኳ የማይጥሉ ሰው ነበሩ። በሞት በተለዩን ጊዜ እናቴ የጡረታ ተተኪነታቸውን ለማስከበር የጋብቻ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ወረቀቱ በቤታችን እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በቤቱ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት ተከማችቷል፤ የመብራት ደረሰኝ፣ ያለቀ የዕቁብ ደብተር፣ የቆየ ጋዜጣ፣ የሠርግ መጥሪያ። እናቴ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ማልቀስ በሚገባቸው ቀን ከእኛ ጋር ወረቀት ሲለዩ ሰነበቱ። በ19ኛው ቀን ማስረጃው በአንድ የራዲዮ መመሪያ መካከል ተጣጥፎ ተገኘ። አባቴ ምንም ነገር ስላልጣሉ ወረቀቱ ተርፏል፤ ምንም ነገር ስላልጣሉም ሊገኝ ሳይችል ቀርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ፣ ሲፈለግ የማይገኝ ነገር ተጠብቋል ሊባል እንደማይችል ተረዳሁ።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ከሥራችን እናውቀዋለን። በመዝገብ ቤት ቁጥር የሌለውና ቦታው ያልታወቀ ፋይል እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በመሥሪያ ቤታችን የምናከብረውን ሥርዓት በቤታችን የማናከብረው ስለ ምን ነው?

እንግዲህ ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ እኔን የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

1ኛ/ ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን ለማስተካከል አትነሡ። በአንድ ቅዳሜ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

2ኛ/ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት፣ የቤትና የሥራ ማስረጃዎችን በአንድ ፋይል አድርጉ፤ ቦታውንም ለትዳር ጓደኛችሁና ለአካለ መጠን ለደረሱ ልጆቻችሁ አሳዩ።

3ኛ/ የቀረውን ዕቃ በሦስት ክፈሉት፤ የምንሠራበት፣ ለሌላ የሚሰጥ፣ ከቤት የሚወጣ። የሚሰጠው ልብስ እኛ ራሳችን ለብሰነው ወደ ሰው ፊት ልንወጣ የምንችለው ይሁን፤ ቀዳዳውን ለድኻ መስጠት ቸርነት አይደለምና። የሚወጣውን ደግሞ ልዋጩና ቆራሌው በየደጃፋችን እየተጣሩ ይወስዱታል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ ሰው፣ እኛ የጣልነው በርሜልና ቆርቆሮ በባለሙያ እጅ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ያያል።

4ኛ/ የሌላውን ሰው ዕቃ ሳትጠይቁ አትጣሉ። የእናታችሁ አሮጌ መሶብ ለእናንተ ትርፍ ዕቃ ቢመስልም፣ ለእርሳቸው የጐጆ መውጫቸው መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ የክብር ስፍራ ይሰጠው እንጂ ከካርቶን ሥር አይቀበር።

5ኛ/ ለእንግዳ የተቀመጡትን ብርጭቆዎች አውጥታችሁ ጠጡባቸው። በቤታችሁ ከልጆቻችሁ የበለጠ የከበረ እንግዳ አይመጣም።

አድማጮቼ፤ የቤት ጸጥታ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዕቃ ሲወጣ ነው። እናቴ ዛሬ አንድ ሰማያዊ ፋይል አላቸው። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ስሄድ በእጃቸው አመለከቱኝና፣ «የእኔ ቀን ሲደርስ እዚያ ነው፤ እናንተ እንድታለቅሱ ጊዜ ይኑራችሁ» አሉኝ። እኔም ወደ ቤቴ ተመልሼ በዚያው ምሽት የራሴን መሳቢያ ከፈትሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።